ቅቤ የተቀባው ፍሬን

ሻማዋን ወደዚህ አምጧትና ዝም በሉ። መብራት ሲሄድ ሁላችሁም እኔ ሻይ ቤት ታጭቃችሁ ጅኒ ንገሪን፣ ጭራቅ ንገሪን ትላላችሁ። መብራት ሲመጣ ደግሞ "እትዬ ትርንጎ ውሸት ትወዳለች" እያላችሁ ታሙኛላችሁ። አንተ፣ ያቺን ብርጭቆ አትንካት፤ ባለቤት አላት።

ዛሬ የምነግረው ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ ለዚህ ለይበልጣል ብዬ ነው። አሁን ሲገባ ምን እንዳለ ሰምታችኋል? "ወር ሙሉ ሲያሳፍረኝ የነበረውን የሞተሬን ፍሬን ዝም አሰኘሁት። መካኒክ አላየውም፣ ራሴው ነኝ። ሊነጋጋ ሲል ብቻዬን ቁልቁለቱን እወርዳለሁ" አለ። ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። እንግዲህ ስማኝ። ከሰማህ በኋላ መውረድ አለመውረዱን ራስህ ታውቃለህ።

ሰዓቱ ቀትር ነው። ምን ያስቃችኋል? ጅኒ ካልጨለመ የማይወጣ መሰላችሁ? በጨለማማ ሰው ይጠነቀቃል። ቀትርን ማን ይፈራል? ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ከብቱ ጥላ ፍለጋ ገብቷል፣ ሰውም ከቤቱ አይወጣም። መንገዱ ላይ አንድ ፍጥረት የለም። መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ከሥር ወንዝ። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ዘመዶቹ በሕይወት አሉ፣ ያፍራሉ።

በዚያ መንደር ድሮ መኳንንት የሚባል ሰው ነበር። ኩሩ ነበር። በምን እንደሚኮራ ግን ማንም አያውቅም። መሬቱ ድንጋይ፣ በሬው ከሲታ፣ መልኩም እንደነገሩ። አንድ ቀን ሞተር ገዛ። አሮጌ ሞተር ነው። የኋላ ፍሬኑ ከሞተ ቆይቷል፣ የሚይዘው ዲስክ የሚሉት የፊት ጎማው ክብ ብረት ብቻ ነው። የሸጠችለት የዋሴ ሚስት ናት። ዋሴ ማን ነው? በዚያው ሞተር፣ በዚያው ቁልቁለት፣ ገደል ገብቶ የሞተ ሰው ነው። ሴትዮዋ ቁልፉን ስትሰጠው ምን አለችው? "ፍሬኑ ይጮሃል። ሲጮህ ታገሰው፣ ያለ ነገር አይጮህም" አለችው። እሱ ሳቀ። እንደ መኳንንት ያለ ትልቅ ሰው ሴት ትመክረው?

ሞተሩም ጮኸ። ቢላዋ በሳህን ላይ ሲሄድ ጥርሳችሁን አያማችሁም? እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ልጆች "ሲጥ! ሲጥ!" እያሉ ይከተሉት ጀመር። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ደረሰና ፍሬን ሲይዝ አልቃሾቹ ሁሉ ዝም አሉ። ከእነሱ በልጦ ያለቀሰው ማን እንደሆነ ዞረው አዩ። ሬሳው ፊት ሰው ሳቀ። መኳንንት ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም።

በዚህ መሀል ማዶ ካለው መንደር ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አማቶቹም እንየው ብለው ቅዳሜ ለምሳ ጠሩት። አማት ደጅ እየጮኹ መድረስ? "ሞት ይሻለኛል" አለ። አለ፣ በራሱ አፍ።

ዓርብ ማታ መካኒክ ዘንድ ሄደ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ላዩ ተቃጥሎ መስታወት ሆኗል። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው፣ ዲስኩንም በቤንዚን ልጥረገው። ነገ ማታ ትወስደዋለህ" አለው።

"ነገማ በቀትር መንገደኛ ነኝ።"

"እንግዲያው በእግርህ ሂድ። ወይም እየጮኸም ቢሆን ሂድ። ቅባት ብቻ እንዳታስነካው።"

በእግር? መኳንንት በእግሩ? ተቆጥቶ ሞተሩን ይዞ ሄደ። ቤቱ ደርሶ በሩን ሲገፋ ማጠፊያው ሲጥ አለ። ቅቤ ቀባው፣ ዝም አለ። አሁን ያ ጭንቅላት ሲሠራ ተመልከቱ። በሩን አየ። ሞተሩን አየ። እንደገና በሩን አየ። ከዚያ ለአማቶቹ ካዘጋጀው ለጋ ቅቤ ቆንጥሮ ዲስኩን በግራም በቀኝም አሸው። ግቢው ውስጥ ሞተሩን ገፋ አድርጎ ፍሬኑን ያዘ። ዝም! ጎማው ግን መንከባለሉን እንዳልተወ ልብ አላለም። እሱ የሚያዳምጠው ጩኸቱን ብቻ ነበር። በደስታ ሲያፏጭ አመሸ።

ቅዳሜ ነጭ ለብሶ ወጣ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ሞተሩን አጠፋና በነፃ ይንከባለል ጀመር። ፀጥ ያለ ቀትር ነው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከሩቅ ከኋላው፣ ሲ...ጥ።

ዞሮ አየ። ማን አለ? ማንም የለም። የእሱ ፍሬን ዝም ብሏል፣ ታዲያ የሚጮኸው የማን ነው? ሌላ ሰው ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን "ጎሽ፣ እኔን ትቶ ሌላውን ያዘ" ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቀረበ። ሲ...ጥ። ጆሮው ሥር። አሁን አልሳቀም።

ከሁለተኛው ኩርባ በታች ሞተሩ ከኋላው ዝቅ አለ። ሰው ሲፈናጠጥ እንዴት ዝቅ ይላል? እንደዚያ ዝቅ አለ። በዚያ ሙቀት ጀርባውን በረደው። መዞር ፈራ። ወደ መሬት አየ። ሥሩ በተኮማተረችው ጥላ ላይ ሁለት ራስ አለ።

"ዝም አሰኘኸው?" አለው ከኋላው ያለው።

"አዎ" አለ መኳንንት። ምን ይበል?

"በምን?"

"በቅቤ።"

"እኔ በግራሶ ነበር" አለው ዋሴ።

ያን ጊዜ ፍሬኑን ጨበጠ። ጣቶቹ እስኪነጡ ጨበጠ። ዲስኩ በቅቤው ውስጥ ሙልጭ ሙልጭ አለ እንጂ ጎማው መች ቆመ። ሦስተኛው ኩርባ መጣ። መኳንንት ቀጥ ብሎ ሄደ።

ማን ነገረሽ ነው የምትሉኝ? ውሃ ቀጂዎች ወንዙ ዳር አገኙት፤ ይህን ሁሉ የነገራቸው እሱ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። እናንተ ደግሞ ምስኪን በሉት፣ እኔ አልልም። የምታዝኑ ከሆነ ምሳ ሠርታ ስትጠብቀው ለዋለችው ልጅ እዘኑላት። የመጨረሻ ቃሉ ግን ይህ ነበር፤ "ዋሴ ወረደ። ከእንግዲህ የምፈናጠጠው እኔ ነኝ።" ከማን ኋላ እንደሚፈናጠጥ አልተናገረም።

ይበልጣል፣ እጅህን አምጣ። አምጣ እንጂ፣ ላሽትተው። ቅቤ አይደለም። ግራሶም አይደለም። የሞተር ዘይት! የኛ ዘመናዊ! ዘይት የጠጣ ሸራ ተፈግፍጎም አይድንም፤ ነገ ይጣልና አዲስ ይገባል፣ ዲስኩም ይጠረጋል። እስከዚያ ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ። አልሰጥም? እናትህ ሌላ ልጅ አላት እንዴ? እሺ፣ ያንተ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ብቻዬን ነኝ ብለሃል አይደል? ስትደርስ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያቺን ብርጭቆ የቀዳኋት ከኋላህ ተፈናጥጦ ለመጣው ነጭ ለባሽ ነው። እስካሁን ከሞተርህ ላይ አልወረደም።