ቀይ ጥብጣብ በባተርሲ

አቶ ኃይለመለኮት የሞቱት ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነው። አጠገባቸው መዳፍ የማትሞላ የቻይና ተዋጊ ጄት ሞዴል ቆማለች። ጠዋት የባተርሲውን ቢሮ የከፈተችው አስተርጓሚዋ እሌኒ መስኮቱን በርግዳ አምቡላንስ ጠራች። የመጡት ሰዎች ብዙ አልተመራመሩም፤ ከጋዝ ማሞቂያው የወጣ ሽታ አልባ መርዝ ነው አሉ።

መርማሪ ውባንቺ ስትደርስ ጉዳዩ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ለንደን ፖሊስ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። አበሻ የሞተበት ቦታ ሁሉ የምትጠራው እሷ ስለሆነች፣ ገና ስልኩ ሲጮህ ጉልበቷን ያማታል።

«ቀላል ነው» አላት አለቃዋ። «ማሞቂያውን ባለፈው ወር የጠገነው ያገርሽ ሰው ነው። ቃሉን ተቀበይና ወደ ዐቃቤ ሕግ እንላከው።»

ሰውየው ፀሐዬ ይባላል፤ የኤድመንተን ጋዝ ሠራተኛ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እንደ እርጥብ ልብስ ይጨምቃል።

«እትዬ ውባንቺ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ሁሉንም ቼክ አድርጌያለሁ። ጭስ ማውጫው ንጹሕ ነበር። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወሉን ባትሪ የከተትኩትም በዚህ እጄ ነው።»

«አሁን ባትሪ የለውም።»

«እኮ ማን አወጣው? ላይሰንሴን ይውሰዱት ግዴለም። ሰው ገደለ ተብዬ ልታሰር ነው እኮ! ሚስቴ ገና አራስ ናት።»

«ቆይ እስቲ። ገና ምንም አልጻፍኩም» አለችና በጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ ዞረች።

የማሞቂያው ጭስ ማውጫ በግድግዳው ላይ፣ በሽቦ ቀፎ ተሸፍኖ ይታያል። የቀፎው ብሎኖች ላልተዋል። አንዱ ሽቦ ላይ ቀጭን ቀይ የሐር ክር ተሰክቷል። ውባንቺ ክሩን በወረንጦ ስታነሳ፣ ጎረቤቲቱ እንግሊዛዊት አሮጊት ውሻዋን እየጎተተች መጣች።

«ያንን ጌጥ አወረዱት? ጥሩ አደረጉ» አለች።

«የምን ጌጥ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከዚያ ቀዳዳ ቀይ ጥብጣብ ተንጠልጥሎ ነበር። ገና ካለፈ ስንት ጊዜው! ለማዘጋጃ ቤቱ አቤት ልል ነበር። ጠዋት ስወጣ የለም። ውሻዬም ገርሞታል።»

ውሻው የገረመው አይመስልም ነበር። ውባንቺ ግን ገርሟታል።

እሌኒን ያናገረቻት ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጣች፣ ቤጂንግ የተማረች ልጅ ናት። የዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በጨርቅ ተደፍኖ፣ ከጨርቁ ላይ የታሰረ ረጅም የፌስታል ቁራጭ በገንዳው ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከወንዶቹ አንዱ ነው፤ ሽታው አስጠልቶት።»

«እሺ፣ ሟቹ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጋሽ ኃይለመለኮት የጄት ዋጋ ይገምታሉ። ቻይናዎች እንደ ሱፐርማርኬት ዋጋ አይለጥፉም። ለወዳጅ አንድ ነው፣ ማዕድን ላለው ሌላ፣ በብድር ለሚወስድ ደግሞ ሌላ። ቋንቋውን ችያለሁ፤ ዋጋ ሲጠየቁ ፈገግ የሚሉትን ግን ምን ብዬ ልተርጉመው?»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

እሌኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነገ ገዢዎቹ ይመጣሉ፤ የአንድ አፍሪካ አገር መኮንኖች ናቸው። የቢሮው ባለቤት አቶ ተክለአብ የነገራቸው የባዶውን ጄት ዋጋ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ደግሞ ‹ሚሳይሉ፣ ተጠባባቂ ሞተሩ፣ ሥልጠናው ሲጨመር እጥፍ ነው፤ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ› አሉ። አቶ ተክለአብ ድለላው ሊቀርበት ነው። ኮሎኔሉም ጮኹ።»

ኮሎኔል ብርሃኑ የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ፣ የቢሮው አማካሪ ናቸው። እጃቸው በሕመም ስለሚንቀጠቀጥ ሻዩን የሚጠጣላቸው ሳህኑ ነው። ጫማቸው የሚለጠፍ እንጂ የሚታሰር አይደለም።

«እርስዎ ለምን ተቆጡ ኮሎኔል?»

«ደህና ጄት ነው! ኃይለመለኮት ግን ሰማይ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ መሬት ላይ አውርዶ ይመነዝረዋል።»

ውባንቺ ሞዴሏን አነሳችላቸው። አፍንጫዋና የሞተሯ አፍ ላይ ቅንጣት ቀይ ጥብጣቦች ተለጥፈዋል። «ይሄ ለጌጥ ነው?»

«የምን ጌጥ!» አሉ ኮሎኔሉ፤ ዕድሜያቸው ባንዴ ቀነሰ። «ጄት ሲቆም አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። የተደፈነ ነገር ደግሞ ቀይ ጥብጣብ ሳይታሰርበት አይተውም፤ ተረስቶ ከተነሣን አለቅን። የሚያስረው የመሬት ቴክኒሻኑ ነው። ሲፈታውም አይጥለውም፤ ኪሱ ይከተውና ያሳየኛል። ሳያሳየኝ ሞተር አላስነሳም ነበር።»

«እርስዎስ አስረው ያውቃሉ?»

«አብራሪ አያስርም። አሁን ደግሞ እንኳን ጥብጣብ ቁልፌንም የምትቆልፍልኝ እሌኒ ናት።»

የቢሮው ባለቤት ተክለአብ ከኬኒንግተን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ረጅም ካፖርት ለብሷል። ለመናገር የሚቸኩል፣ ለመቀመጥ የማይቸኩል ሰው ነው።

«ወይዘሮ ውባንቺ፣ ያሳዝናል። ለዚያ ጋዝ ሠራተኛ ስንት ከፍለነው!»

«አየር ኃይል ነበሩ?»

«እኔ?» ሳቀ። «አውሮፕላን የማውቀው በትኬት ነው። ንግድ ነው ሥራዬ። ትናንት ቶሎ ወጥቼ ቤቴ ነበርኩ።»

ከሰዓት በኋላ ውባንቺ ሁሉንም የኋላ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፀሐዬ በሩ አጠገብ ቆመ፤ እሷ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች።

«ቶሎ እንጨርስ፤ ሁላችንም ደክሞናል» አለች። «ፀሐዬ አልገደለም። ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ባትሪውን አወጣ። ከውጭ የጭስ ማውጫውን ቀፎ አላልቶ ቀዳዳውን ደፈነ። ጠዋት እሌኒ ሳትመጣ መጥቶ አወጣው። አደጋ እንዲመስል ነው።»

«ምን ማስረጃ አለሽ?» አለ ተክለአብ። አንቺ ማለቱን ራሱም አላወቀም።

«ጎረቤቲቱ የገና ጌጥ አይታለች። ሊገድል የመጣ ሰው የደፈነው ነገር ላይ ቀይ ጥብጣብ ለምን ያስራል? እንዲታይበት? ማንም ጤነኛ ገዳይ አያደርገውም። ማሰብ ሳያስፈልገው እጁ ራሱ የሚያስር ሰው ካልሆነ በቀር።»

ኮሎኔሉ ቀና አሉ። «የመሬት ሰው!»

«አዎ። እርስዎ አይደሉም፤ እጅዎ ቋጠሮ አይቋጥርም፣ ብሎንም አይፈታም። እሌኒም የጦር አውሮፕላን አጠገብ ደርሳ አታውቅም። እሌኒ፣ ማጠቢያውን የደፈነው ማን ነው?»

«አቶ ተክለአብ» አለች እሌኒ ቀስ ብላ። «ፌስታሉንም ያሰረው እሱ ነው። ‹እንዳይረሳ› አለኝ።»

«አውሮፕላንን በትኬት ብቻ የሚያውቅ ሰው! ኮሎኔሉ ሌላም ነገር ነግረውኛል፤ የመሬት ሰው ጥብጣቡን ሲፈታ አይጥለውም። አቶ ተክለአብ፣ ከመጡ ጀምሮ ያላወለቁትን የካፖርትዎን ኪስ ያሳዩኝ።»

ተክለአብ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እዚያው ቀረ። ውባንቺ ተነሥታ በቀስታ አወጣችው። ጣቶቹ መካከል ጥላሸት የነካው ቀይ ጥብጣብ ነበር፤ ጫፉ ተተርትሯል። እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ተደንቆ አየው።

«የመሬት ሰው መሆንህን ለምን ደበቅኸን?» አሉ ኮሎኔሉ። «የእኛ ሰው ሆነህ!»

«የእናንተ ሰው?» ተክለአብ ወደ እሳቸው ዞረ። አክብሮቱ ወለቀ። «ለጄኔራሎች ጄት የሚሸጠው መሰላል ያዥ ነበር ቢባል ማን ይገዛዋል? ደብረ ዘይት የአንተን መሰላል ስንት ዓመት ይዣለሁ፤ ቀበቶህን አጥብቄያለሁ። አንድ ቀን ፊቴን አይተህ አታውቅም። እዚህም ይኸው ስንት ጊዜ አብረን ስንሠራ!»

ኮሎኔሉ ፊቱን አተኩረው አዩት። «አሁንም አላስታወስኩህም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት ነበር።

ተክለአብ ተቀመጠ። «ነገ አፉን ሊከፍት ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው።»

«ጥብጣቡስ?»

«እጄ ነው» አለ መዳፉን እያየ። «‹ደፍኖ ያላሰረ ሰው ገደለ› ነበር አሠልጣኞቻችን የሚሉን።»

ውባንቺ ውጭ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራች። ፖሊሶቹ ሲወስዱት የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ፤ እሌኒ አነሣችና መናገሪያውን በእጇ ሸፈነች።

«ገዢዎቹ ናቸው። የጄቱን ዋጋ በትክክል ንገሪን ይላሉ።»

«ጋሽ ኃይለመለኮት ያሉትን ንገሪያቸው» አለች ውባንቺ።

«እጥፍ ነው» አለች እሌኒ በስልኩ። አዳመጠች። «ያለ ሚሳይል ይሆንልን እንደሆነ እየጠየቁ ነው።»

ውባንቺ ለአለቃዋ ደውላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ፀሐዬ ከበሩ አልተነቃነቀም።

«እትዬ፣ እኔስ?»

«ወደ አራስህ ሂድ።»

ኮፍያውን አጠለቀ፤ ወጣ፤ ተመለሰ። ከቦርሳው አዲስ ባትሪ አውጥቶ ማስጠንቀቂያው ውስጥ ከተተ። ጢጥ እስኪል ጠብቆ፣ ሁሉም መስማታቸውን ከፊታቸው አይቶ፣ ያኔ ሄደ።