የሰው ወጌሻ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳትቀምስ የምታየው የሰው ጉዳት ነው። በጨረቃ ላይ ባለው የማዕድን ማውጫ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሠራተኞቹን ሴል በማይክሮስኮፕ እያየች ጨረር የበጣጠሰውን ዲኤንኤ ትቆጥራለች። የተበጠሰውን የሚጠግነውን ፕሮቲን እዚያ «ወጌሻ» ይሉታል። ወጌሻው እንዲታይ ሠራተኛው «ፍካት» የሚባል፣ ወጌሻው ላይ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም ይወጋል፤ ናሙና እንዳይቀላቀልም እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቀለም አለው። የቆፋሪው የጉልላት ወርቃማ ነው።

የዚያን ዕለት ጉልላት ደም ሊሰጥ መጣ። የእጁ ቁስል ሦስት ወሩ ነው፤ ይሸታል።

«ትርሲትዬ፣ ምነው ይሄ እጄ አልድን አለ?»

«ወጌሻዎችህ አነሱብኝ ጋሼ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር የምትቀጂኝ ለምንድን ነው? ለምርመራ ጠብታ አይበቃም?»

ትርሲት መርፌውን ክንዱ ላይ ሰካች። ትእዛዙ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ፍሬሰንበት ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ዓመታዊ ናሙና ደረሰ። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ቆዳቸው ግን የሙሽራ። ፍካት ተወግተው አያውቁም። ሆኖም ሴላቸውን ብታየው በወርቃማ ብርሃን ተሞልቷል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሌንሱን ወለወለች፤ ሌላ ጠብታ አድርጋ አየች። ያው ነው። የጉልላት ወጌሻዎች በሰው ሴል ውስጥ ጉድ ጉድ ይላሉ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ፍሬሰንበትን ግን አድምቆታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታው ከልቧ ወጣ። ያ ወዛም ጉንጩ ትዝ አላት።

«ኤጭ! ሰው በላ!»

ፍሬሰንበት በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ምንም አልደነገጠም።

«ቀድቶ የማይቀምስ የት አለ?» አለ እየሳቀ። «አንቺ ራስሽ በየወሩ የምትወጊው ቫይታሚን ምን መስሎሽ ነው?»

እንደ ወጣ፣ ፍካት ተወግታ የማታውቀው ትርሲት ጣቷን ወግታ የራሷን ደም በማይክሮስኮፕ አየች። ወርቃማ ነው። ጓደኞቿ «አንቺ እኮ አታረጂም» ሲሏት እንዴት ደስ ይላት እንደነበር አስታውሳ ባልዲ ላይ አስመለሳት።

በማግስቱ ጉልላትን አስጠራችው።

«ምን አገኘሽ?» አላት።

አፏን ከፈተች፤ ግን አንድ ሐሳብ ቀደማት፦ ከነገረችው የፊታችን ሰኞ የቫይታሚን መርፌዋ ይቀራል። ይህን በማሰቧ ከፍሬሰንበት ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

«ጋሼ» አለችው፣ ዓይኑን ማየት አቅቷት፣ «ወጌሻዎችህ እኔን እየጠገኑ ነው።»