የጥሩምባ ኬክ

«አትተንፍሺ!» አለች ጥሩምባ።

ቀጮ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። የኬኩን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ጥሩምባ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ የክሬም ላስቲክ ጨብጣ ጠርዝ ጠርዙን ትከተላለች። ጫን፣ ዞር፣ ላቀቅ። አንዲት ነጭ ጽጌረዳ። ጫን፣ ዞር፣ ላቀቅ። ሌላ ጽጌረዳ። ጣቶቿ አይንቀጠቀጡም፣ አይቸኩሉም። ቀጮ ከዕቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አይታ አታውቅም። መቅናት ነበረባት፤ እሷ ግን ደስታው አላስቆማት አለ።

«አለቀ» አለች ጥሩምባ።

«ወይኔ ጉዴ! አንቺ ልጅ ግን የምር ሰው ነሽ?»

ጥሩምባ ትከሻዋን ሰበቀች። ስሙን ያወጡላት የሒሳብ አስተማሪያቸው ናቸው። ለሚጠይቋት ሁሉ ከአንድ ቃል በላይ መልሳላቸው ስለማታውቅ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው «ኧረ ተይን ጥሩምባ፣ ጆሯችንን አደነቆርሽው!» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቀጮ ለምን ቀጮ እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልግም። ያያት ሁሉ ይገባዋል።

ኬኩ ለቀጮ አክስት ነው። የእናቷ ታናሽ እህት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እነ ቀጮ ቤት ቤቢ ሻወር አለ። አዳራሽ መከራየት የማይታሰብ ስለነበር ቀጮ «እኔ አለሁ አይደል! ቤት ውስጥ ባለው ነገር አሳምረዋለሁ» ብላ ደረቷን ነፋች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው ሳሎንና የስፌት ክፍሉ አንድ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደሆነ ሞልቷል። ሁለቱ ልጆች ሰሞኑን ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጥተው ቁርጥራጩን ሲባጎ ላይ እያሰሩ ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጉት። ጠረጴዛውን የአሮጌ መጋረጃ ዳንቴል አለበሱት። ካለቀ ደብተር ላይ የወረቀት አበባ አጥፈው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ሰኩ። የስፌት መኪናው ሳይቀር ቢጫ ጨርቅ ለብሶ የስጦታ ማስቀመጫ ሆኗል። የቀጮ እናት ዛሬ ጠዋት መብራቱን አብርታ ቤቱን ስታይ «እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ልጥለው ነበር!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጥሩምባን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። አክስት የምትሠራው ኬክ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ነው፤ ባለ ኬክ ቤቷ ሴትዮም ዛሬ ተጋብዘዋል። ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ተማሪ አጠገባቸው አስጠግተው ሙያውን ሊያስተምሩ አስበዋል። አክስት «አንዲት ልጅ አለች፣ እጇን ይዩልኝ» ብትላቸው «እስቲ አያለሁ» ነበር መልሳቸው። እስከ ዛሬ የተላኩላቸውን ልጆች ሁሉ አይተው መልሰዋል። ጥሩምባ ቤት ምድጃ የለም። ኬክ የምትጋግረው ጎረቤት እየለመነች፣ የተማረችውም የሰው ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ካመለጣት ሌላ ከየት እንደሚመጣ ቀጮም እሷም አያውቁም።

ደግሞ ኬኩ! ከላይ ጽጌረዳ፣ ጎኑን ዙሪያውን ደግሞ እንደ ቀሚስ ጫፍ ከፍ ዝቅ የሚል የክሬም ዘርፍ። የዘርፉ ነገር የቀጮ ሐሳብ ነበር። ጠዋት ጥሩምባ በዓይኗ እየለካች ስትሞክር አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ እየሆነባት ደጋግማ ፋቀችው። ቀጮ «ቆይ፣ ቆይ!» አለችና እናቷ ለቀሚስ እንደምታደርገው ወረቀት አጥፋ ቅርጹን ቆረጠች። ከፍሪጅ የወጣው ኬክ ላይ ጠምጥማ በእናቷ ስፒሎች፣ በእነዚያ ጨርቅ ማያያዣ ቀጫጭን ስፒሎች፣ እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አደረገችው። ጥሩምባ ወረቀቱን ተከትላ በስንጥር ምልክት አደረገች። ዘርፉ አንድ ዓይነት ሆኖ ዞረ። «ጎበዝ» አለቻት ጥሩምባ። ከጥሩምባ አፍ «ጎበዝ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀጮ እስካሁን እግሯ መሬት አልነካም።

የቀጮ እናት እህቷን ልታመጣ ወጥታለች። ጥሩምባ ኬኩን ሸፍና ጥግ አስያዘችው፤ ማንም ሳያየው ነው ድንገት የሚወጣው። ቀጮ ሳሎን ገብታ የመጨረሻውን ወረቀትና ክር ጠራረገች። የስፒል መሰኪያዋን ትራስ ወደ ቦታዋ ልትመልስ ስታነሳ ዓይኗ አረፈባት። እናቷ ስፒሎቿን በመደዳ ነው የምትሰካው። መደዳው ሳይሞላ ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም፤ «ደንበኛዬን ልታስወጉብኝ ነው?» ትላለች። አሁን መደዳው መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

ቀጮ ተንበርክካ ምንጣፉን ዳበሰች። ቆሻሻ መጣያውን ገልብጣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ፈታታች። የለም። ዕቃ ቤት ገብታ ወለሉን በመዳፏ ጠረገች። የለም። ጥሩምባ የታጠበ ዕቃ እያደራረቀች በትዝብት አየቻት።

«ምን ጠፋሽ?»

«ምንም!»

ምንም አለች። ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችም። ምናልባት የሆነ ቦታ ወድቃ ይሆናል፣ ጫማ ላይ ተሰክታ ወጥታ ይሆናል፣ እናቷ ራሷ ጠዋት ወስዳት ይሆናል። ይሆናል፣ ይሆናል። ወረቀቱን ስትልጥ ቸኩላ እንደነበር ግን ታስታውሳለች። ጥሩምባ ወዲያው ላዩን በክሬም አለስልሳዋለች።

በሩ ተከፈተ። አክስት ከሆዷ ኋላ ኋላ ገባች፤ የጨርቁን ሰንሰለት፣ አበባውን፣ ቢጫ የለበሰውን የስፌት መኪና አየች። «ኧረ እናንተ ልጆች! ኧረ በሞቴ! ለእኔ ነው ይኼ ሁሉ?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እዚያው ላይ ደግሞ ሳቀች። ወደ ዕቃ ቤቱ ስትመጣ ቀጮ ሮጣ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

«አይቻልም! ኬኩ አሁን አይታይም!»

«እሺ፣ ግን የመጀመሪያው ቁራጭ የእኔ ነው። ለሁለት ሰው ነው የምበላው፤ ስስታም እንዳትሆኑብኝ!»

ቀጮ በሩን ዘጋችው። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ጥሩምባ… አንድ ስፒል ጠፍታብኛለች።»

ጥሩምባ ፎጣውን አስቀመጠች። ቀጮ በአገጯ ወደ ኬኩ አመለከተች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሁሉም ቦታ ፈለግሁ። ላትኖር ትችላለች እኮ። ግን…»

ጥሩምባ የኬኩን መሸፈኛ አነሳች። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጽጌረዳዎቹን፣ ዘርፉን፣ ሁሉንም። ቀጮ ስድብ ጠበቀች፤ ጩኸት ጠበቀች። ብትመታትም አይፈረድባትም ነበር። ጥሩምባ ቢላዋ አነሳችና ክሬሙን ከላይ ጀምራ ገፈፈችው።

«ሴትዮዋ እኮ ሊመጡ ነው!» አለች ቀጮ።

«አክስትሽ ትበላዋለች» አለች ጥሩምባ።

ኬኩን ቆራርሰው በጣታቸው መካከል እያሹ ፈረፈሩት። ከወዲያ ማዶ የእንግዶች ሰላምታና ሳቅ እየበዛ ሄደ። ከታችኛው ንብርብር ላይ የጥሩምባ ጣት ቆመ። ቀስ ብላ ሳበቻት። እንደ ክር የቀጠነች፣ ጭንቅላቷ ለዓይን የማትሞላ ስፒል ናት። ቀጮ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«አልቅሺ» አለች ጥሩምባ፤ «ግን እያለቀስሽ ብርጭቆ አቀብዪኝ።»

የፈረፈሩትን ሁሉ ጥሩምባ በወንፊት ደግማ አሳለፈችው። በየሻይ ብርጭቆው ፍርፋሪ፣ ማርማላታ፣ ከፍሪጅ የወጣ ያልተነካ ክሬም፣ እንደገና ፍርፋሪ ደረደረች። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ትሪው ላይ ስትደረድረው ደግሞ ያምራል። ኬክ ፈርሶባት እንኳን እንዲህ መሥራት የምትችል ልጅ ናት። ቀጮ ስፒሏን አጥባ ቦታዋ ላይ ሰካች፤ ፊቷንም ታጠበች።

ባለ ኬክ ቤቷ ሴትዮ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ብርጭቆው ሲደርሳቸው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሌላ ደገሙ።

«ጣዕሙ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይቺ ልጅ ኬክ ታስጌጣለች ብለሽኝ አልነበር?»

አክስት ግራ ገብቷት ወደ ልጆቹ ዞረች። ጥሩምባ ወደፊት አንድ እርምጃ ራመድ አለች። ቀጮ ከተዋወቁ ጀምሮ ሰምታት የማታውቀውን ረጅም ንግግር ተናገረች።

«መጀመሪያውኑ በብርጭቆ ነበር ያሰብነው። ማስጌጥ ገና ነኝ። አልቻልኩበትም።»

ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እንዲያ ከሆነ ሲሆንልሽ ትመጫለሽ፣ የእኔ ልጅ። ብርጭቆ የሚሞላ አላጣሁም። እኔ የምፈልገው እጅ ነው።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

«እሺ» አለች ጥሩምባ። ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ቀጮ እናቷን አየች። እናቷ ስፒል የቀረበት ልብስ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህም ኩራቷ ሌላ ነው። ከጎኗ የተቀመጡት ጎረቤቶች በሙሉ ደንበኞቿ ናቸው። ማንም የጠየቀ የለም። ኬኩ ፈርሷል፣ ስፒሏ ቦታዋ ገብታለች፣ ነገሩ አልቋል። ጥሩምባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

«ውሸቷን ነው!» አለች ቀጮ።

ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

«ኬክ ነበር። ጽጌረዳ ያለው፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ወረቀት በእማዬ ስፒል ወግቼበት አንዷ ውስጥ ቀረች። ደብቄ ላሳልፈው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስነግራት ግን አንድ ክፉ ቃል አልተነፈሰችም፤ እርስዎ እንደሚመጡ እያወቀች አፈረሰችው።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብርጭቆአቸውን አፍጥጠው አዩ። አንዲት ሴትዮ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንዳለ አቆመችው።

«ተገኝታለች! ተገኝታለች!» አለች ቀጮ እጇን እያርገበገበች። «ብቻዋን ነበረች፤ ቦታዋ ላይ ሰክቻታለሁ!»

አክስት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጥሩምባን ትመለከታለች። የቀጮ እናት ተነስታ የስፒል ትራሷን አየች፤ መደዳውን በጣቷ ዳሰሰች። «እንግዶቹ ይሂዱ ብቻ» አለች ለልጇ። ከዚያ ጥሩምባን ሳብ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት።

ቀጮ ቅጣቷን በኋላ ታስብበታለች። ዕቃ ቤት ሮጣ የተረፈውን የክሬም ላስቲክና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። ሳህኑን እንደ ኬክ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ሥሪላቸው።»

«እዚህ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» ጥሩምባ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እኔ አዞርልሻለሁ።»

ጥሩምባ ላስቲኩን ተቀበለች። የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ ጠመመች፤ በጣቷ ጠረገቻት። ሁለተኛዋ ቀና ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጣቶቿ ሰዉን ረሱት። ቀጮ ሳህኑን እያዞረች ወደ ጎን ስታይ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገዋል፤ ወንበራቸውንም ጎትተው ጠረጴዛው ሥር ደርሰዋል።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አሉ።

ጥሩምባ ቀና አለች፣ አፏ ግን አልተከፈተም። በክፍልም ሆነ በመንገድ፣ ለጥሩምባ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የምትመልሰው ቀጮ ናት። አሁንም መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስለ ጎረቤት ምድጃው፣ ስለ ስልኩ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችውና፣ ሳህኑን እንደያዘች፣ ጥሩምባ እስክትጀምር ድረስ ጠበቀች።