ያልተቋረጠው መስመር

ኔሬይዳ የስምንት ሰዓቱን ልኬት ልትወስድ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደ ግቢው ስትወጣ፣ ዶክተር ሬናን ኦልጊን ከጣሪያው መሰላል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኑ እንደተገለጠ ነው። «ዶክተር» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ ሦስተኛውን አልጠራችም። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሙቀቱንና የአየር ግፊቱን ልኬት ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ጉድ አላት፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት በሰዓቱ ስትለካ የኖረች ሴት ናትና እጇ በራሱ ነው የሄደው።

የላ ካሌታ ቬርዴ የአየር ጠባይ ጣቢያ ከባሕሩ በላይ ገደል ጫፍ ላይ ለብቻው የቆመ ነው፤ ሠራተኞቹም ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኃላፊው ዶን ኢላሪዮ፣ ፊኛ የሚለቀው ሚልሲያዴስ፣ መዝጋቢዋ ኔሬይዳ። ሟቹ ከሳንቶ ዶሚንጎ የመጣ ሳይንቲስት ነው። የሞቃት ባሕር አውሎ ነፋሶች ባለፉት ዘመናት እንዴት እንደተለወጡ ያጠናል፤ ለዚያም ሲል አምስት ወር ሙሉ የጣቢያውን አሮጌ መዛግብት ሲያገላብጥ ከርሟል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በምሥራቅ በኩል አንድ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ወደ ደሴቷ እየገፋ ነበር። የአየር ግፊት መለኪያው የባሮሜትሩ መርፌ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ኔሬይዳ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየችም። አውሎ ነፋሱን እንኳ አልፈራችውም። የፈራችው ሌላ ነው። በዚያው ጠዋት ዶክተሩን ሰው እየሰማ ሰድባዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሌሊት በመጣ ማዕበል ታች ባሕሩ ዳር ያለው መንደር ሠላሳ ሁለት ሰው ሞቶበታል። ያን ሌሊት ተረኛ የነበረው የኔሬይዳ ባል ኢፖሊቶ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ለኃላፊው ለዶን ኢላሪዮ አልደወለም፣ ተኝቶ ነበር ተብሎ ተፈረደበት። ከሥራ ተባረረ፤ በስድስተኛው ዓመት ሞተ። ዶክተሩ የዚያን ሌሊት መዝገብ አውጥቶ ስለ ባሏ ሲጠይቃት «የሞተ ሰው ምን ያደርግልሃል? ተወው!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ቆዳ ቦርሳውን መታ መታ አድርጎ፣ ስታዪው ታመሰግኚኛለሽ አላት። አልሰማችውም፤ በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጋ ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት የፖሊስ ኢንስፔክተር ሱኒልዳ ፔጌሮ መጣች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ መሰላል ስታይ የምታማርር ሴት ናት። ጣሪያው ላይ ግን ወጣች፤ እያለከለከችም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ቦርሳው ነበር።

«ሰውየው ከቦርሳው አይለይም ይሉኛል። ከላይም የለም፣ ከታችም የለም። ወድቆ የሞተ ሰው ቦርሳውን ማን ወሰደለት?»

ኔሬይዳ ይህን ስትሰማ፣ ዶክተሩ በራሱ ወድቆ እንዳልሞተ ገባት። የገደለው ሰው አብሯት ቁርሱን በልቷል ማለት ነው፤ ያም ካልሆነ ሁሉም እሷን ገዳይ ይሏታል ማለት ነው።

ዶን ኢላሪዮ ለኢንስፔክተሯ ብዙ ተናገረ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ገብቶ እስከ ስምንት ሰዓት መተኛቱን ነገራት፤ የኔሬይዳንና የዶክተሩን የጠዋት ጠብም አንድ ቃል ሳይቀንስ። «አዛውንት ሴት ናት፣ አትፍረጂባት» አለ በሐዘን። «የባሏ ነገር አእምሮዋን ነክቶታል። እኔም ነበርኩበትና ሸክሙን አውቀዋለሁ።» ሚልሲያዴስ ደግሞ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፊኛ ቤት ነበርኩ ብቻ አለ። ከዶክተሩ ጋር ዶሚኖ ሲጫወቱ ተጣልተው ሳምንት አልተነጋገሩም፤ እሱም ፈርቷል።

ኢንስፔክተሯ የኔሬይዳን ደብተር ተቀብላ ቅጠል በቅጠል አየችው።

«ዶኛ ኔሬይዳ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የብርጭቆ ኳስ ምን ይሠራል?»

«ጸሐይ ይመዘግባል። ብርሃኑን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ካርድ ያቃጥላል። ጸሐይ ከወጣች መስመር ይሠራል፤ ደመና ከጋረዳት መስመሩ ይቋረጣል። ሰው ፊት ለፊቱ ቢቆምም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው እኛ በዙሪያው ዞረን የምናልፈው።»

«የትናንቱን ካርድ ማን አነሣው?»

«ሁልጊዜ ጸሐይ ስትጠልቅ የማነሣው እኔ ነኝ። ትናንት ግን ዶን ኢላሪዮ አንቺ ዕረፊ ብለው ራሳቸው ወጡ። ደግነታቸው ነው ብዬ...» ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው። ኢንስፔክተሯም ካርዱን ከመዝገብ ሣጥኑ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ፊትና ጀርባውን አየችው። ከዚያ ወደ መንደሩ ወርዳ የካካዎ ፍሬ ጸሐይ ላይ ከሚያሰጡት ሴቶች ጋር ስታወራ ቆይታ፣ ላብ በላብ ሆና ተመለሰች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ መዝጊያውን መደብደብ ጀምሯል። ኔሬይዳ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ስታይ ካቴናው ለኔ ነው የመጣው ብላ ቆርጣለች።

«ዶክተሩ የሞተው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ምሳ ላይ አብሯችሁ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ያያል። ይህን ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። አሁን ካርዱን እዩልኝ። የትናንቱ መስመር ከጠዋት እስከ ማታ አልተቋረጠም። ዶን ኢላሪዮ፣ ሰማዩ እንዴት ዋለ?»

«ጥርት ብሎ ነው የዋለው። ካርዱ ይናገር የለም?»

«ይናገራል። የዶኛ ኔሬይዳ ደብተር ግን ከሰባት ሰዓት ከዐሥር እስከ ሰባት ተኩል ጥቁር ደመና፣ ጸሐይ የለም ይላል።»

ዶን ኢላሪዮ ፈገግ አለ። ደብተር ከአደጋ በኋላም ይጻፋል አላት።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ለዚህ ነው የወረድኩት። መንደር ያሉት ሴቶች በዚያ ሰዓት ዝናብ መጣ ብለው ካካዎአቸውን ሁሉ ሰብስበዋል። ዝናቡ ቀረ፤ ደመናው ግን ነበር። ሚልሲያዴስ፣ አንተስ?»

«የፊኛዎቹ ጋዝ ሲሊንደሮች ላይ ሸራ ጎትቻለሁ» አለ ሚልሲያዴስ። «እንዲያውም ኔሬይዳን ዝናቡ ደርሶብሻል ብዬ ቀልጄባት ነበር፤ ቢሮው በር ላይ ሆና እየጻፈች ነበር።»

«ስለዚህ ካርዱ ላይ ክፍተት መኖር ነበረበት። የለም፤ ሰው በእጁ ሞልቶታል። ከጀርባው ስታዩት እዚያ ቦታ ላይ ቃጠሎው ወፈር ብሏል፣ የክብሪት ነው። አሁን ጥያቄዬ አንድ ነው። ያንን ክፍተት ማን ይፈራል? ዶኛ ኔሬይዳ ደመናውን ራሷ ጽፋዋለች። ሚልሲያዴስ አይቶታል። ሁለቱም ክፍተቱ የደመናው መሆኑን ያውቃሉ። ቤቱ ተኝቶ የነበረ ሰውም ክፍተት ቢያይ ደመና ነበር ይላል እንጂ ክብሪት አይጭርም።»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የሞላው፣ ክፍተቱን የገዛ ጥላው የፈጠረው የመሰለው ሰው ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በዚያ ሰዓት ጣሪያው ላይ፣ ኳሱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከዶክተሩ ጋር የታገለ ሰው። ዶን ኢላሪዮ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሰማይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ነዎት። ትናንት ለሃያ ደቂቃ ብቻ ቀና ብለው አላዩም።»

ዶን ኢላሪዮ ካርዱን አንሥቶ ትኩር ብሎ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ደመና ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ማንንም አልነበረም የጠየቀው።

«ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ሰውየው ካርዱን መልሶ አስቀመጠ። ኔሬይዳ አፉን ታያለች። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ነገር ከተቃጠለ ተቃጥሏል፣ ይህ ሰው ካልተናገረ ማንም አያውቀውም፤ ፍርሃቷ ሁሉ አሁን ወደዚያ ዞሯል።

«የዚያ የማዕበሉ ሌሊት የስልክ መዝገብ ቅጂ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ዋናውን ነበር ያጠፋሁት። ቅጂ እንዳለው ዶክተሩ እስኪያሳየኝ አላወቅኩም፤ ቦርሳውን የወሰድኩት ለዚያ ነው።» ወደ ኔሬይዳ አላየም። «ኢፖሊቶ ደውሎልኛል። ሁለት ጊዜ። ግፊቱ እየወረደ ነው፣ ሰዉን እናስነሣ አለኝ። እስኪነጋ ጠብቅ አልኩት። ለትንሽ ነገር መንደር አላስነሣም አልኩት።»

ፖሊሱ ሲወስደው ኔሬይዳ ከወንበሯ አልተነሣችም። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘችላት፤ የባልዎ ስም ይነጻል፣ በጽሑፍ አወጣዋለሁ አለቻት። ኔሬይዳ ራሷን ነቀነቀች።

«ኢፖሊቶ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ስድስት ዓመት፣ እስኪሞት ድረስ። ደውያለሁ ኔሬይዳ፣ ደውያለሁ እያለ። እኔ ሾርባውን አስቀምጥለትና፣ እሺ፣ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል እለው ነበር።»