ለሌባው የተፈለገ ስም

«አትወዛወዢ ልጄ፣ ይወጋሻል!» አሉ ልብስ ሰፊው፣ የተማሪዋን የዩኒፎርም ቀሚስ ጫፍ እያጠፉ።

መቆም አልሆነላትም። ነገ ትምህርት ቤት ወላጆች በተሰበሰቡበት የምታነበው የፈጠራ ታሪኳ አልቋል፤ የጎደለው የሌባው ስም ብቻ ነው። ሌባውን የፋርስ ሰው ያደረገችው እንዲያው ከሩቅ የመጣ ሲሆን ያስፈራል ብላ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ተወልደው ያደጉት እዚያው ፋርስ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ የአገርዎን የወንድ ስም ይንገሩኝ። ለታሪኬ ነው።»

«ሰውየው ምን ዓይነት ነው?»

«እ... ደፋር ነው።» የሰው አጥር መዝለል መቼም ድፍረት ይጠይቃል።

በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል አወጡ። «ባህራም በይው። የታናሽ ወንድሜ ስም ነው። ልጆች ሆነን ወንዝ ሊወስደኝ ሲል በፀጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው።» ራሰ በራቸውን ዳሰስ አድርገው ሳቁ። «ያኔ ፀጉር ነበረኛ! በይ፣ ነገ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ። ያን ስም ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!»

ቤት ስትገባ ወንድሟ እንደ ልማዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ዳቦ ይገምጣል።

«ደራሲዋ! ለሌባሽ ስም ተገኘ?»

«ተገኘ። ግን አይሆንም።» የሆነውን ነገረችው።

«ታዲያ ሌላ የፋርስ ስም ስጪዋ። ፋርሃድ፣ ሲያቫሽ... ስልኬ ላይ ሞልቷል።»

«ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ባህራምን ሲጠብቁ ይታይህ። የሚመጣው የአገራቸው ሰው ደግሞ የሰው ወርቅ ይዞ ሲሮጥ!»

«አታካብጃ! ፈጠራ አይደል እንዴ?»

ተቀመጠች፤ ተነሳች። እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። ጥፍሯን እየነከሰች ታሪኩን እንደገና አነበበችው። መጨረሻው ላይ ሌባውን አሯሩጦ ወርቁን የሚያስጥል ጎረቤት አለ። «አንድ ሰው» ብላ ነበር ያለፈችው። ሁለቱን ቃላት ሰረዘችና «ባህራም» ብላ ጻፈች።

«ሌባውስ?» አለ ወንድሟ።

«እዚሁ ሰፈራችን ያደገ ነው። ተጋድሞ ዳቦ ሲገምጥ የሚውል።»

ትራሱን ወረወረባት። ጎንበስ ብላ አመለጠችና ወረቀቷን ይዛ ጓዳ ገባች። ሰው ፊት መናገር ሁልጊዜ ድምፅዋን ያጠፋዋል። በሩን ዘጋች።

«ባህራም» አለች። ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደገና ጠራችው፤ አሁን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጋ።