የጁንያሊ ስም አውጪ

በረዶው የወረደባቸው ከተራራማዋ የሕንድ ከተማ ከጁንያሊ ወጥተው ሦስተኛውን ኮረብታ ሲያጋምሱ ነበር። መጀመሪያ ሽንብራ ያክል ነበር፤ ወዲያው ብይ አከለ። የቡራንሽ ዛፎች ቀይ አበባቸውን በአንድ ጊዜ አራገፉና መንገዱ በግ የታረደበት መሰለ። ዳቦ ጋጋሪው ሙነዋር ጆንያውን አናቱ ላይ ደፍቶ ወደ አንድ ቋጥኝ ሥር ሮጠ። ጡረተኛው አስተማሪ ፓንት ማስተርጂ ግን ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ እንደ ሙሽራ ዝግ እያለ ተከተለው።

«ሩጥ እንጂ አንተ ሰውዬ!» ሙነዋር ጮኸ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከአየር ጠባይ አይሸሽም።»

«ማስተርጂ፣ በረዶው ተማሪዎ አይደለም፤ ቁጭ በል ቢሉት አይሰማዎትም!» አለች ባጉሊ ከቋጥኙ ሥር። ባጉሊ እነዚያን ገደሎች የወተት ጎሾቿን ስትነዳ ያደገች፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች እንድትመራ የተለመነች የታች ሰፈር ሴት ነበረች። ሁለቱም ጉልበታቸውን እያሹ ሲቀመጡ አየቻቸውና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ነገሩ የተነሳው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሰሌዳ ነው። የድሮውን ሰሌዳ ነፋስ ገንጥሎ ወሰደው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሲያሠራ ከስሙ ሥር ታሪኩን በሁለት መስመር ለማጻፍ ወሰነ፤ ያን ጊዜ ከተማው ሦስት ቦታ ተከፈለ። ማስተርጂ «ጁን በኩማኦን ቋንቋችን ጨረቃ ነው፤ ጁንያሊ ማለት ጨረቃ የበራባት ማለት ነው» አለ። የትልቁ ሆቴል ባለቤት ጊርዳሪ ላላ፣ ስሙ ጁን ከምትባል ከአንድ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ልጅ የመጣ ነው ብሎ ተነሳ፤ ፈረንጅ ቱሪስት እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። ዳቦ ጋጋሪው ሙነዋር ደግሞ ከአባቱ ከአያቱ የሰማውን ተናገረ። የመጀመሪያውን የመንገደኛ ማረፊያ የከፈተው ወጥ ሠሪው ቅድመ አያቱ ጁነይድ አሊ ነው፤ ጁንያሊ የተባለችውም በእሱ ነው።

ላላ በስብሰባው መሀል ሳቀ። «ከሜዳው አገር ዳቦ ሊሸጥ የመጣ መጤ ለተራራ ስም ያወጣል እንዴ?»

ሙነዋር የተወለደው እዚያ ነው፤ አባቱና አያቱም የተወለዱትም የተቀበሩትም እዚያ ነው። ሊጡን እያቦካ ግን ያቺ «መጤ» የምትል ቃል ከእጁ ሥር አልጠፋ አለችው። በሳምንቱ ባጉሊ ወተት ልታደርስ መጥታ፣ በሁለት ተራራ መሀል ካለው ከላይኛው ኮርቻ፣ ከድሮው ማረፊያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ትል የሄደበት የመሰለ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ማየቷን ስታወራ ሰማት። ሊጡን ጥሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ትኩስ ዳቦ እየበላ በስሙ ጉዳይ ሲሟገተው የኖረው ማስተርጂም «ብቻህን ሄደህ የምትዋሸኝ ከሆነማ» ብሎ ጃንጥላውን አነሳ።

በረዶው ሲያባራ ወደ ሸለቆው ወረዱ። ወንዙ በበረዶው ውሃ ሞልቶ የግንዱን ድልድይ ውጦታል። ባጉሊ የያዘችውን ገመድ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ደረቷ ድረስ ገብታ ተሻገረችና ጫፉን ከባሉጥ ዛፍ ጋር ጠመጠመችው። ሙነዋር ቀጠለ። ውሃው እግሩን እንደ ቢላ ቆረጠው፤ ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማው። ከኋላው ማስተርጂ ሲንሸራተት ዘወር ብሎ በኮሌታው ያዘው።

«ልቀቀኝ፣ መነጽሬ!»

«መነጽርህ ይሂድ!»

«መነጽሬ ከሄደ ድንጋዩን አንተ ብቻ ልታነበው ነው!»

መነጽሩም ሰውዬውም ተረፉ። ማምሻውን ከአንድ የእረኞች ጎጆ ገብተው ደረቅ ዳቦና ጥሬ ስኳር በልተው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው አደሩ።

በማግስቱ ጧት በባሉጡ ጫካ ውስጥ ሽቅብ ሲወጡ ባጉሊ ድንገት እጇን ዘረጋች። ሃያ እርምጃ ፊት ለፊታቸው አንድ ትልቅ ጥቁር ድብ የበሰበሰ ግንድ ይፈለቅቅ ነበር። ቀና አለ፤ አሸተተ፤ በሁለት እግሩ ቆመ። ደረቱ ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት ታየ።

«አትሩጡ፤ ዓይኑን አትዩት» አለች ባጉሊ በሹክሹክታ።

ድቡ ግን ሮጠ። በቀጥታ ወደ ማስተርጂ። ማስተርጂ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሙነዋር ምን እንዳሰበ ኋላም አላወቀውም፤ ጃንጥላውን ከወዳጁ ብብት ነጠቀና ድቡ ፊት ላይ ቧ! አድርጎ ዘረጋው። አውሬው ከየት መጣ በማይባለው ጥቁር ነገር ደንግጦ ወደ ጎን ታጠፈ፤ በመዳፉ አንድ ጊዜ መታውና ቁልቁል ጫካውን እየሰባበረ ጠፋ። ሙነዋር እጁ ላይ የቀረው እጀታና ሦስት የጎበጠ ሽቦ ነበር።

ባጉሊ የሚሰበረው ጫካ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ እጇን አላወረደችም።

«ጃንጥላዬን» አለ ማስተርጂ በመጨረሻ። ቀጥሎ ደረቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ግን… አይተሃል? ደረቱ ላይ ያለውን? ድቡም ጨረቃ ነው እያለ ነው።»

ሙነዋር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኮርቻው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ደረቀ። የድንጋዩ ወሬ ደርሷቸው በሌላኛው መንገድ በበቅሎ የወጡ ሁለት ሰዎች ቀድመዋቸዋል፤ ጊርዳሪ ላላና ዲጂኖ የያዘ ሠራተኛው ትሪሎክ። የማረፊያው ፍርስራሽ ከሦስት ግድግዳ በላይ አልቀረውም። ከጎኑ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ እስከ ወገቡ የተቀበረ ግራጫ ድንጋይ ቆሟል። ትሪሎክ ሥሩን ይፈነቅላል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሙነዋር ጮኸ።

«ሆቴሌ ግቢ ልወስደው ነው» አለ ላላ ሳያፍር። «እዚያ ሁሉም ያየዋል። ደግሞ የጁን መቃብር ነው።»

ሙነዋር ተንበርክኮ ጭቃውን በእጅጌው ጠረገ። ጽሑፉ የኡርዱ ፊደል ነበር። ለማስተርጂ ምስጥ የሄደበት እንጨት ነው፤ ለላላም እንዲሁ። ለሙነዋር ግን አያቱ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያስተማረው ፊደል ነው። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ጊዜ። እንደገና አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ።

«ምን ይላል?» አለ ማስተርጂ።

ከመመለሱ በፊት ትሪሎክ ዲጂኖውን ተጫነ። በረዶ ያራሰው አፈር እንደ እርጎ ተቀደደ። ሙነዋር የዘመመውን ድንጋይ በሁለት ክንዱ አቀፈ፤ በዚያው ቅጽበት ላላ የቆመበት መሬት ከሥሩ ሄደ። ሰውዬው በሆዱ እየተንሸራተተ ቁልቁል ወረደ፤ አንድ እጁ ሣር ይዟል፣ ሣሩ እየተነቀለ ነው።

ሙነዋር ድንጋዩን ለቀቀው። በደረቱ ወድቆ የላላን የካፖርት ኮሌታ ያዘ። ባጉሊ የሙነዋርን እግር፣ ማስተርጂ የባጉሊን ወገብ ያዙ፤ ትሪሎክም ዲጂኖውን ጥሎ መጣ። ከሥራቸው ድንጋዩ አንዴ ነጠረ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ ከዚያ ከወንዙ ጩኸት ሌላ የሚሰማ ጠፋ። ላላን ጎትተው ሲያወጡት ክንዱ ተሰብሯል፤ ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቷል።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ላላ በበቅሎው ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ለሙነዋር ነገረው። «ስማኝ ወንድሜ። ድንጋዩ ጁነይድ አሊ ይላል በል። እኔ አጠገብህ ነበርኩ፤ እመሰክራለሁ። ይቺን ውለታ ልመልስ።»

ላላና ትሪሎክ በበቅሎው መንገድ ሲለዩ ሙነዋር ከማስተርጂና ከባጉሊ ጋር ቁልቁል ቀጠለ። ድንጋዩ የለም። ያነበበው እሱ ብቻ ነው። ጁነይድ የሚል አንድ ቃል ቢናገር መጤ የሚለው ስድብ ከልጅ ልጆቹም ላይ ይነሳል። ጎጆው ጋ አድረው ወንዙ እስኪደርሱ ድረስ ያቺን አንድ ቃል በአፉ ውስጥ አገላበጣት፤ ጣፋጭ ነበረች። ውሃው ጎድሎ ግንዱ ብቅ ብሏል። ማስተርጂ ቀድሞት ተሻገረና እጁን ዘረጋለት፤ ምን ይላል ብሎ አንዴም አልደገመም። ሙነዋር ያቺን የተዘረጋች ቀጭን እጅ ያዘ፤ ያን ጊዜ ቃሏ መረረችው።

«ኢምዳድ ይላል» አለ።

«ማን?»

«ስሙ ኢምዳድ አሊ ነው። ‹ከሜዳው ከራምፑር በእግሩ መጣ። በዚህ ተራራ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት መንገደኛ አበላ። ሰዎች በተራራው ስም ጁንያሊ እያሉ ጠሩት።› ይኸው ነው። እኛ ነን ጁንያሊን ጁነይድ አሊ ያደረግነው። በል፣ አሸነፍክ።»

ማስተርጂ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ብዙ ጠረገ። «አላሸነፍኩም። ስሙ ከእሱ በፊት ነበረ አለ እንጂ ጨረቃ ነው አላለም።»

«አማቴማ» አለች ባጉሊ ገመዷን እየጠቀለለች፣ «ጁንያሊ የጠፋች ጎሽ ስም ነው ትላለች። ጎሿ የተገኘችው ከተማው ያለበት ቦታ ነው አሉ።»

ሁለቱም ዞሩባት። «እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አውቶቡስ ማቆሚያው ሲደርሱ፣ ላላ ቀድሞ ደርሶ ወሬውን ስላዳረሰ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። ላላ የታሰረ ክንዱን ይዞ ሙነዋርን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ተናገር እንግዲህ ማለቱ ነው። ሙነዋር ከደረጃው ላይ ቆመ።

«ቅድመ አያቴ ኢምዳድ አሊ ይባላል» አለ። «ከተማዋን እሱ አልሰየማትም። እሷ ናት የሰየመችው።»

ላላ ጤነኛ እጁን አንስቶ ቆቡን አወለቀ፤ ስለ ኮሎኔሉ ልጅም በዚያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰ።

ሰሌዳው ላይ በመጨረሻ ስሙ ብቻ ተጻፈ። ታሪኩን የሚጠይቅ መንገደኛ ወደ ዳቦ ቤቱ ይላካል። ሙነዋርም ትኩስ ዳቦ እያስቀመጠለት ጨረቃዋን፣ የኮሎኔሉን ልጅ፣ ጎሿን ሳይቀር ይተርክለታል፤ ማስተርጂ ደግሞ ከጥጉ በየአረፍተ ነገሩ ያርመዋል። መጨረሻ ላይ ከራምፑር በእግሩ የመጣውን ሰው ሲያነሳ ግን ማስተርጂ እንኳ ዳቦውን ማኘክ አቁሞ ያዳምጣል።