ከጎሊና አሸዋ የተነሳው ጉብታ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን አይመን... እኔ ግን ቦታው ላይ ቆሜ ነበር።

ጥር 2010፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከሮቢት በታች፣ የጎሊና ወንዝ ዳር። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር።

ክረምት ላይ ደራሽ ውሃ ወንድሜን ነጅሙዲንን ወስዶታል። ሬሳው አልተገኘም። እናቴ ማታ ማታ በሩን አትቆልፍም... ይመጣል ብላ።

ለጎርፍ መከላከያ ብለው መሬቱን በድሮን ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ሲመጡ ሥራ ለምኜ ገባሁ። ወንዙን ከላይ ለማየት ነበር።

አብራሪው ክብሮም ይባላል። ድሮኑ ደጋግሞ ፎቶ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አገጣጥሞ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በሞዴል ያወጣል። የሚንቀሳቀስ ነገር አይወጣም። ፍየል ቢያልፍ ይጠፋል።

የሚቀረው... ሳይነቃነቅ የቆመ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሞዴል ሲወጣ ክብሮም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

"ኢቅራ፣ አሸዋው ላይ ማንን ነው ያቆምሽው?"

"ወላሂ ማንንም!"

"ይሄ ጉብታ እኮ ሰው ያክላል። ነው ወይስ ጅን ቀጠርሽ?"

ሄደን አየን። ባዶ አሸዋ። ዱካ እንኳ የለም።

ጠረጠርኩት። የወንድሜን ነገር ያውቃል... በሐዘኔ እየቀለደ ይሆን?

እሱም በጎን ያየኝ ጀመር። በኖራ ምልክት ያደረግንባቸውን ቦታዎች በመሣሪያ ለክቶ ከሞዴሉ ጋር አመሳከረ።

"ስህተቱ ከጣት ውፍረት አይበልጥም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንደገና አበረረ።

አዲሱ ሞዴል ላይ ጉብታው አሸዋው ላይ የለም። ዳር ወጥቷል...

ወደ እኛ።

"ነይ፣ ምልክቱ ላይ ቁሚ። ድሮኑ እስኪያርፍ እንዳትነቃነቂ። ሞዴሉ ቁመትሽን በትክክል ካወጣ፣ ያኛውም ውሸት አይደለም።"

ቆምኩ። ድሮኑ ከላዬ ይመላለሳል።

ድንገት የደራሽ ውሃ ጭቃ ሸተተኝ። በጥር!

"ክብሮም... አጠገቤ ማን አለ?"

"ማንም! ዝም ብለሽ ቁሚ አቦ!"

ግራ ትከሻዬ ከበደኝ። አልዞርኩም።

በኋላ መኪናው ውስጥ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ፊቴን ግን አላየም።

"ቁመትሽ... ልክ ነው" አለ በሹክሹክታ።

ከጎኔ ሌላ ጉብታ አለ። በአንድ ራስ ይበልጠኛል። ነጅሙዲን ሲያቅፈኝ አገጩ አናቴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትናቸው። በሁሉም ብቻዬን ነኝ።

ሞዴሉ ላይ ግን... ከእሱ ትከሻ ወደ ግራ ትከሻዬ የተዘረጋ ቀጭን ነገር አለ።

ያን ማታ፣ እናቴ ከተኛች በኋላ፣ በሩን ቆለፍኩት።